የማይሟሟው ጥቀርሻ፦ የአሮጌ ሞተር ክፍሎችን በአነስተኛ ወጪ ስለ ማጽዳት

በከተሞቻችን ጎዳናዎች ላይ ከሚመላለሱት አውቶሞቢሎች መካከል ከብዙዎቹ አንባቢዎቻችን በዕድሜ የሚበልጡት ጥቂት አይደሉም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እነዚህ ነባር ሞተሮች እየተጠገኑ ለተጨማሪ ዓመታት ማገልገላቸው የማይቀር ሆኗል። አንድ ሞተር ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው የፒስተኑን አናትና የቴስታታውን ሆድ የሸፈነው ጥቁር ቅርፊት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ክፍሉ ይለወጥ ወይስ ይጽዳ የሚል ሲሆን፣ የአዲስ መለዋወጫ ዋጋ ሲሰማ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ይጽዳ» ይሆናል።

«በምን ይጽዳ?» ለሚለው ግን ስምምነት የለም። አንዱ ኮስቲክ ሶዳ ይላል፣ ሌላው ሎሚ ይጨምቃል፣ ሦስተኛው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ያብለጨልጫል፣ አራተኛው ቤንዚን በጣሳ ቀድቶ ይነክራል፤ እሳት ውስጥ የሚከትም አለ። ከእነዚህ መካከል ርካሽ መስለው በመጨረሻ ሞተሩን የሚያሳጡ ይገኙባቸዋል። እነማን እንደሆኑ ለመለየት የሚያስፈልገው ከሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ብዙም ያልራቀ ዕውቀት ስለሆነ፣ በዚህ ዕትም ጉዳዩን ከሥሩ ጀምረን ልንመለከተው ወደድን።

ጥቀርሻው ከየት ይመጣል?

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ ሞተሮች ይህንን ምጣኔ የሚጠብቁት አየሩን መዝነው ሳይሆን በቀዳዳዎች ስፋት ብቻ ነው። ታዲያ ለባሕር ወለል ከፍታ የተስተካከለ ካርቡሬተር 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት አዲስ አበባ ሲመጣ ምን ይሆናል? በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። በካርቡሬተር ውስጥ የድብልቁ ምጣኔ የሚለወጠው በግምት በእፍጋቱ ስኴር ሩት ልክ ስለሆነ፣ 14.7 የነበረው ወደ 13 ዝቅ ይላል። ነዳጁ በዛ፣ አየሩ አነሰ ማለት ነው። ኦክስጂን ያልደረሰው ነዳጅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ጥቁር ብናኝ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ካርቡሬተሩ ለደጋ አየር ካልተስተካከለ በቀር፣ የአዲስ አበባ ሞተር ጥቀርሻ የሚያጠራቅምበት ተጨማሪ ምክንያት አለው።

ሌላው ምንጭ ዘይት ነው። በጋራዥ ቋንቋ «ፋሻ» የሚባሉት የፒስተን ቀለበቶች ሲያልቁ የሞተር ዘይት ሽቅብ ሾልኮ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይገባል፤ በዚያም ከፊሉ ይቃጠላል፣ ከፊሉ ይጋገራል። ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ በአጭር ርቀት ጉዞ ብቻ የሚውል ከሆነ ችግሩ ይብሳል።

ጥቀርሻው የሚቀመጥበት ቦታም ያለ ሕግ አይደለም። በሥራ ላይ ያለ ሞተር የፒስተን አናት ሙቀት ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ግን 700 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ባለ ሙቀት ላይ ያረፈ ጥቀርሻ ራሱ ስለሚቃጠል፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ከማስገቢያው ቫልቭ ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ጥቀርሻ የሚወደው መካከለኛ ሙቀት ያለውን ገጽ ነው፤ ዘይቱን ለመጋገር የሚበቃ፣ ካርቦኑን ለማቃጠል ግን የማይበቃ።

አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ቅርፊቱ ንጹሕ ካርቦን አይደለም። አሠራሩ ከአስፋልት መንገድ ጋር ይመሳሰላል። አስፋልት ጠጠርና ሬንጅ ነው፤ ጠጠሩን እርስ በርሱ ያያዘው ሬንጁ ነው። በሞተር ውስጥም እንዲሁ ደቃቅ የካርቦን ቅንጣቶች «ጠጠር» ሲሆኑ፣ በሙቀትና በኦክስጂን ተለውጦ እንደ ቫርኒሽ የደረቀው ዘይትና ነዳጅ «ሬንጅ» ነው። ካርቦንን የሚያሟሟ ፈሳሽ በሱቅም ሆነ በቤተ ሙከራ ብንፈልግ አናገኝም። ሬንጁ ግን ይላላል፣ ያብጣል፣ ከብረቱም ይለቃል። ካርቦኑ የሚነሣው ሟሙቶ ሳይሆን ማጣበቂያውን አጥቶ ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ዘዴዎች ሁሉ የሚመዘኑት በዚህ ሚዛን ነው።

ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል?

«ትንሽ ጥላሸት ምን ጉዳት አለው?» ለሚሉ እስቲ እናስላ። ባለ አራት ሲሊንደር 1,300 ሲሲ ሞተር እንውሰድ። እያንዳንዱ ሲሊንደር 325 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ይጠርጋል። የመጭመቂያ ምጣኔው 9 ለ1 ከሆነ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ክፍት ቦታ 325 ሲካፈል ለ8፣ ማለትም 40.6 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ነው። የፒስተኑ ወርድ 76 ሚሊ ሜትር ቢሆን የአናቱ ስፋት 45.4 ሴንቲ ሜትር ካሬ ይሆናል። በዚህ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቀርሻ ቢጋገር 2.3፣ በቴስታታው በኩልም ያንኑ ያህል ቢጨመር በድምሩ 4.5 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ገደማ ቦታ ይወስዳል። የቀረው ክፍት ቦታ 36.1 ሲሆን አዲሱ ምጣኔ 10 ለ1 ሆነ ማለት ነው።

ለ9 የተሠራ ሞተር በ10 ሲሠራ፣ በዚያው ቤንዚን፣ ድብልቁ ካለ ጊዜው ሊፈነዳ ይዳዳዋል። ሾፌሮች ዳገት ላይ የሚሰሙት የመንኳኳት ድምፅ ይህ ነው። በዚህ ላይ ጥቀርሻው ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ጫፎቹ ፍም ይሆናሉ፤ ከካንዴላው ብልጭታ በፊት ነዳጁን ያቀጣጥላሉ። ቁልፍ ተዘግቶም «አልጠፋም» እያለ የሚንፈራገጥ ሞተር ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ነው። የፋሻዎቹ ቦይ በጥቀርሻ ሲሞላ ደግሞ ፋሻው ይጣበቃል፣ ግፊት ይሾልካል፣ ሰማያዊ ጭስ ይታያል። እንዲህ ሲሆን ብዙዎች ሲሊንደሩ አልቋል ብለው ለከፍተኛ ወጪ ይዘጋጃሉ፤ ያለቀው ግን ሲሊንደሩ ሳይሆን ፋሻው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ርካሽ የሚመስሉ ውድ ዘዴዎች

ከእሳት እንጀምር። ካርቦን አየር ባለበት ፈጥኖ ተቃጥሎ እንዲጠፋ 600 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ፒስተን የሚሠራው ግን በአብዛኛው ከአልሙኒየምና ከሲሊከን ቅይጥ ሲሆን፣ ይህ ቅይጥ 577 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። እንግዲህ ጥቀርሻው ሳይቃጠል ፒስተኑ ይቀልጣል። እሳቱ ለስለስ ያለ ነው ቢባል እንኳ፣ ቅይጡ በፋብሪካ በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ስለሚያጣ፣ ቅርጹን እንደያዘ የለሰለሰ ፒስተን ይዘን እንወጣለን።

ኮስቲክ ሶዳ ከሁሉ የከፋውን ጉዳት ስለሚያደርስ ጠለቅ ብለን እንየው። አልሙኒየም በባሕርዩ ከውሃ ጋር በቀላሉ የሚዋሐድ ብረት ነው፤ የሚያድነው በገጹ ላይ በራሱ የሚሠራው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ይህ ኦክሳይድ ከአሲድም ከቤዝም ጋር ስለሚዋሐድ በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ይሟሟል። ሽፋኑ ከሄደ ብረቱ ራሱ ይበላል፣ ሃይድሮጂን ጋዝም ይወጣል። 27 ግራም አልሙኒየም፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ብረት፣ በባሕር ወለል ከፍታ 36 ሊትር ገደማ ሃይድሮጂን ይሰጣል። የአየር ግፊቱ ዝቅ ባለበት በአዲስ አበባ 48 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ይህ ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከአንድ የሲጋራ እሳት ጋር ቢገናኝ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ አሳሳች ነገር አለ፦ ክፍሉ ሲፈላና አረፋ ሲያወጣ «ጥቀርሻው እየሟሟ ነው» ያሰኛል፤ ጥቀርሻውም በእርግጥ ይወድቃል። የወደቀው ግን የተጣበቀበት ብረት ከሥሩ ስለ ተበላ ነው። የፋሻው ቦይ በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ ልክ ያለው በመሆኑ እንዲህ የታጠበ ፒስተን ከዚያ ወዲያ ብረት ሰብሳቢ እንጂ ሞተር አይፈልገውም። ከእንጨት አመድ የሚጠለል ውሃም ቤዝ ስለሆነ ለብረት ድስት መልካም ቢሆንም ለአልሙኒየም አይመከርም። ለምድጃ ማጽጃነት የሚሸጡት ፈሳሾችም ብዙዎቹ ኮስቲክ ሶዳ አለባቸው።

ሎሚ፣ ኮምጣጤና ለስላሳ መጠጥስ? እነዚህ አሲዶች ናቸው። አሲድ ዝገትንና ውሃ የሚያልፍባቸውን ቦዮች የሚዘጋውን ነጭ የኖራ ቅርፊት ያስለቅቃል፤ ሁለቱም ከአሲድ ጋር የሚዋሐዱ ናቸውና። ካርቦንና የደረቀ ዘይት ግን ለአሲድ ግድ የላቸውም። ሎሚው በሻይ ቢጠጣ ይሻላል።

ብርጭቆ ወረቀትና በሞተር የሚሽከረከር ሸካራ ዲስክ ፈጣን ናቸው፤ ውጤታቸውም ያብረቀርቃል። ጉዳታቸው በኋላ ይመጣል። በብዙዎቹ ላይ ያለው አሸዋ አልሙኒየም ኦክሳይድ ሲሆን፣ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 9 ያስመዘግባል፤ ከእርሱ የሚበልጠው አልማዝ ነው። ይህ ብናኝ በዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎች ውስጥ ተደብቆ ይቀርና ሞተሩ ሲነሣ ከዘይት ጋር ኩሽኔታዎቹን ይሞርዳል። ጄኔራል ሞተርስ እንዲህ ያሉ ዲስኮች ለጥገና እንዳይውሉ ባለሙያዎቹን ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

በካርቡሬተሩ አፍ ውሃ ማንጠባጠብ የሚባል የቆየ ዘዴም አለ። ውሃው በጋለው ክፍል ውስጥ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ስለሚሆን ቅርፊቱን ይሰነጥቃል፤ ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ይሁንና ፈሳሽ ውሃ አይጨመቅም። እጁ የከበደ ሰው ጥቂት ቢያበዛው ፒስተኑን የሚያገናኘው ዘንግ ይጎብጣል። እኛ አንመክረውም።

የሚሠራው ርካሽ ዘዴ

ሬንጅ የሚላላው እርሱን በሚመስል ነገር ነው፤ ዘይትን ዘይት ያሟሟዋል። ስለዚህ መነከሪያችን ላምባ ወይም ናፍጣ ይሁን። ቤንዚን ፈጥኖ ይሠራል፤ ነገር ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ላምባ ግን ከ38 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ እንዲህ ያለ ትነት አይሰጥም። በተጨማሪም በነዳጁ ቤንዚን ውስጥ የሚገኘው፣ ስሙ ከነዳጁ ስም ጋር የሚቀራረበውና «ቤንዞል» ተብሎም የሚጠራው ውሕድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። እጅን በቤንዚን መታጠብ በጋራዦች የተለመደ ቢሆንም ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ክፍሉን ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ በላምባ አጥልቆ ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ለከባድ ጥቀርሻ ሁለት ወይም ሦስት ቀን መተው ያስፈልጋል። ትዕግሥት እዚህ ላይ የገንዘብን ቦታ ይተካል። ላምባውን ለማፍጠን እሳት ላይ መጣድ ፈጽሞ አይገባም፤ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ግን ይጠቅማል። የተጣበቀ ፋሻ ካለ ከፒስተኑ ጋር አብሮ ይነከር። ሳይላላ በጉልበት የተሳበ ፋሻ ይሰበራል፤ የፒስተኑን ቦይ ጠርዝም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ቀጥሎ መፋቅ ነው። መፋቂያው ከጥቀርሻው የጠነከረ፣ ከብረቱ የለሰለሰ መሆን አለበት። ጠንካራ እንጨት ተጠርቦ፣ ቀርከሃ፣ አገልግሎቱ ያበቃ የባንክ ካርድ፣ የመዳብ ቁራጭ፣ ወርቅማ ቀለም ያለው የነሐስ ሽቦ ብሩሽ፣ ሁሉም ይሆናሉ። የብረት ሽቦ ብሩሽና ካቻቪቴ በአልሙኒየም ላይ ጭረት ይተዋሉ፤ ጭረቱ ደግሞ ለቀጣዩ ጥቀርሻ መያዣ ይሆናል። ለፋሻው ቦይ አሮጌውን ፋሻ ሰብሮ በጫፉ መጥረግ ብልሃት ነው፤ ወርዱ ከቦዩ ጋር ይስማማልና። ነገር ግን የተሰበረው ጫፍ ስለት ስለሆነ ጠርዙን በሞረድ ማለስለስ፣ ሲጠርጉም አልሙኒየሙ ብልጭ ሲል ማቆም ያሻል። ቦዩን ከልኩ በላይ ማስፋት ከጥቀርሻው የባሰ በደል ነው። በቦዩ ግርጌ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች በቀጭን የመዳብ ሽቦ ይከፈቱ። በነገራችን ላይ፣ የድሮ እንግሊዛውያን መካኒኮች ሞተር ሲያጸዱ በፒስተኑ አናት ጠርዝ ዙሪያ ቀጭን የጥቀርሻ ቀለበት ሆን ብለው ይተዉ ነበር፤ ያለቀ ሲሊንደርን ከዘይት ማሾለክ ይከላከላል በሚል እምነት። ስለ አሮጌ ሞተር የተናገሩት ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነው ለማለት አንደፍርም።

ለቀረው ስስ ሽፋን ቤኪንግ ሶዳን በጥቂት ውሃ ለውሶ በጨርቅ ማሸት ይበቃል። ቅንጣቶቹ ለስላሳ ናቸው፣ ቤዝነታቸውም ደካማ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በውሃ ይሟሟሉ፤ የተረፈው ታጥቦ ስለሚሄድ እንደ ብርጭቆ ወረቀት አሸዋ ኩሽኔታ ውስጥ አይቀበርም። ይህ ተራ የወጥ ቤት ዱቄት ታላቅ ሥራ ሠርቷል። በኒው ዮርክ ያለው የነጻነት ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1986 በታደሰበት ጊዜ፣ በሐውልቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የነበረው የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ከስሱ መዳብ ላይ የተነሣው በቤኪንግ ሶዳ ነበር።

በመጨረሻም በሙቅ ውሃና በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ማጠብ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ብዙውን ጊዜ ሶዲየም ካርቦኔት ስላለበት አልሙኒየም በውስጡ እንዲያድር መተው አይገባም። በአንጻሩ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠሩት፣ እንደ ቫልቭና እንደ አሮጌ የብረት ቴስታታ ያሉት፣ በሶዲየም ካርቦኔት ሙቅ ውሃ ቢቀቀሉ ጉዳት አያገኛቸውም። ታጥበው እንደ ደረቁ ወዲያው ዘይት ይቀቡ፤ አለበለዚያ በማግስቱ ዝገው ይገኛሉ።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቫልቮቹን ወደ ቦታቸው መልሶ፣ ቴስታታውን ገልብጦ የማቃጠያውን ጉድጓድ በላምባ መሙላትና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ወደ ማስገቢያው ወይም ወደ ጭስ ማውጫው ቦይ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቫልቩ በመቀመጫው ላይ አልተኛም፤ ወይ ጥቀርሻ ቀርቷል፣ ወይ መሞረድ ይፈልጋል።

እጅ፣ ሳንባና ወንዝ

ፐርሲቫል ፖት የተባለው የለንደን ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1775 የጭስ ማውጫ በሚጠርጉ ሰዎች ላይ የሚታየውን የቆዳ ካንሰር ከጥቀርሻ ጋር አያይዞ ጻፈ። በሥራ ምክንያት ስለሚመጣ ካንሰር ከተጻፉት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። በሞተር ጥቀርሻና በተቃጠለ ዘይት ውስጥም ተመሳሳይ ባሕርይ ያላቸው ውሕዶች አሉ። ጓንት ቅንጦት አይደለም።

በጣም አሮጌ ሞተሮች ደግሞ ሌላ ምሥጢር ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ቶማስ ሚድግሌይ እ.ኤ.አ. በ1921 ቴትራ ኤቲል ሌድ የሞተርን መንኳኳት እንደሚከላከል ካገኘ በኋላ የዓለም ቤንዚን ለብዙ አሥርት ዓመታት እርሳስ ሲጨመርበት ኖሯል። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መግቢያ ድረስ አቆሙ፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ከዚያ ዘመን ወዲህ ባልተከፈተ ሞተር ውስጥ ጥቀርሻው ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ወይም ቢጫማ ሆኖ ከታየ የእርሳስ ውሕዶች እንዳሉበት መጠርጠር ተገቢ ነው። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ደርቆ እያለ አይፋቅ፣ በአየር ግፊትም አይነፋ፤ በላምባ እንደራሰ ይፋቅ። የሥራ ልብስም ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብ።

የቆሸሸው ላምባ የሚሄድበት ቦታም አለን። የአዲስ አበባ ጅረቶች ወደ አቃቂ ወንዝ፣ አቃቂም ወደ አዋሽ ይፈስሳል፤ በአቃቂ ዳር ደግሞ በዚያው ውሃ የሚለማ የጓሮ አትክልት ለገበያ ይቀርባል። ቦይ ውስጥ የተደፋው ላምባ በሰላጣ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ላምባውን በጠርሙስ አድርጎ ሳይነካ ለሁለት ቀን ቢያስቀምጡት ጥቀርሻው ከታች ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን ቀስ ብሎ በጨርቅ አጥልሎ መቅዳት ይቻላል፤ ለሚቀጥለው ሞተር፣ ከዚያም ለተከታዩ ያገለግላል። የዘቀጠው ጭቃ ብቻ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ተጠራቅሞ ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር ለሚሰበስቡት ይሰጣል።